ጎተራ ሳይሞላ የሚቆም ማኅሌት

ልጀምር የምፈልገው በጥያቄ ነው። የእኛ ገበሬ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ለአዝመራው የሚዘምረው መቼ ነው? እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው የሚለኝ ካለ፣ ከተማ ያደገ ሰው መሆን አለበት። አልፈርድበትም። ምስጋና ከስጦታ በኋላ ነውና እንዲያ ማሰቡ ትክክል ይመስላል። በጎጃም ደጋ ግን ትልቁ የመጸው ማኅሌት የሚቆመው ስንዴው ገና በቆመበት፣ ጤፉ አረንጓዴ ሆኖ ራሱን ባጎነበሰበት፣ በረዶ አንድ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ሁሉንም ሊያጭደው በሚችልበት ወቅት ነው። ማኅሌተ ጽጌን ነው የምለው።

የሌላውን ዓለም ልማድ ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል በሚባል ጠቅላይ ግዛት፣ ሞርዌንስቶው በምትባል የባሕር ዳር አጥቢያ፣ ሮበርት ሆከር የሚባሉ ቄስ በ1843 እ.ኤ.አ. ምእመኖቻቸውን ለመኸር ምስጋና ጠሩ። ዛሬ በብዙ አገር የሚከበረው የመኸር እሑድ ከዚያ ነው የተስፋፋው ይባላል። ሰው ዱባውን፣ ዳቦውን፣ የስንዴ ነዶውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በእህል ያጌጣል፤ መዘምራኑ ይዘምራሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን እዚያ መዝሙሩ የሚሰማው ዕዳው ከተዘጋ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ የሚዘመረው ዕዳው ሳይዘጋ ነው። የኦሮሞ ወንድሞቻችን እሬቻም ክረምቱ እንደወጣ፣ እህሉ ሳይታጨድ ይከበራል፤ ስለዚህ ይህ ጠባይ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ነው አልልም። ዝናቡን የሚጠብቅ፣ ዝናቡንም የሚፈራ አገር ጠባይ ይመስለኛል።

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ጥቂት ልበል። የቅዱስ ያሬድ ድጓ ዓመቱን የሚከፍለው ገበሬ በሚከፍልበት ዓይን ነው። ክረምት ሰኔ 26 ሲገባ ዘርዕና ደመና ይባላል። ከዚያ መብረቅና ነጎድጓድ ይመጣል። ነሐሴ ላይ ዕጓለ ቋዓት፣ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው፤ ፈጣሪ እነሱንም እንደሚመግብ የሚታሰብበት። ከዚያ ጎሕ ጽባሕ፣ የንጋት ወገግታ። መስከረም ከ9 እስከ 15 ዘመነ ፍሬ። መስከረም 26 ደግሞ ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ይቆያል፤ ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። እዚህ ላይ ልብ ያለው ሰው ይጠይቃል፤ ፍሬ ከአበባ እንዴት ቀደመ? እኔም ልጅ ሆኜ ጠይቄ ነበር። መምህራችን ሳቁና «የበቆሎ እሸት አልበላህም እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ የተሻለ ትርጓሜ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

የማኅሌተ ጽጌ ድርሰት የአባ ጽጌ ድንግልና የአባ ገብረ ማርያም ዘደብረ ሐንታ ነው ተብሎ ይታመናል። እያንዳንዱ አርኬ አምስት ስንኝ አለው፤ ስንኞቹ ቤት ይመታሉ። ነገሩ ሁሉ አበባ ነው። እመቤታችን አበባ ናት፤ ልጇ አበባ ነው፤ ወደ ግብፅ የተሰደዱበት መንገድ ደግሞ እሾኹ። በየአርኬው መጨረሻ ከድጓ የተመረጠ ዚቅ ይከተላል፤ አርኬውን የሚያብራራ፣ አንዳንዴም የሚፎካከረው። ዘመኑ እንደ ዓመቱ አምስት ወይም ስድስት እሑዶች ይይዛል፤ በየእሑዱ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ደወል ተደውሎ ማኅሌቱ ይጀመርና እስከ ንጋት ይዘልቃል፤ ከዚያ ቅዳሴ ይገባል።

አሁን አንድ ሌሊት ላሳያችሁ። ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለች አጥቢያ ናት፤ ያደግሁባት። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የጥቅምት ሌሊት ነፋስ ከዚያ ሲወርድ ጋቢን ጋቢ አይለውም። አባቴ ገበሬም ደብተራም ነበር። ቅዳሜን ጥማድ ስለማይነካ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ተኝቶ፣ ማታ ተነሥቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ጥምጥሙን አስሮ ይወጣል። እኔ ጧፍ ያዥ ነበርኩ። ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ወንዶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በአንድ ወገን ቀኝ ጌታው፣ በሌላው ግራ ጌታው፣ መካከል መሪጌታው። ጧፉን ወደ አባቴ እጅ ጠጋ ሳደርግ ጸናጽሉን የያዘበት አውራ ጣቱ ላይ ከገብስ እሾኽ የቀረ ጭረት ይታየኛል፤ ሐሙስ ዕለት ቀድማ የደረሰችውን የጓሮ ገብስ አጭዶ ነበር። ጸናጽሉ ሲንቀሳቀስ ጭረቱ ይከፈትና ጥቂት ደም ያወጣል። እሱ አያየውም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ የማየው ያችን ጣት ነበር።

ማኅሌት ዝም ብሎ መዘመር የሚመስለው ሰው አለ። ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም፤ ዜማው ብቻውን ራቁቱን ይቆማል፤ የሳተ ድምፅ የሚደበቅበት የለውም። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ከግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ዜማውን ሰውነት ይቀበለዋል። ከዚያ መረግድ፤ ከበሮው በዝግታ ይገባል፤ ጸናጽሉ ይከተላል። ከዚያ ጽፋት፤ እጅ ይመታል፤ ከበሮው ይፈጥናል። መጨረሻ ወረብ። አንድ ቃል በዚህ ሁሉ መንገድ ሲያልፍ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከበሮው ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፤ ሊቃውንቱ ሰፊውን በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት ይተረጉሙታል። በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የተጻፉት ጥቃቅን ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥና ሌሎቹ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ተሠሩ ይባላል። ግን አባቴ ምልክት ሲያይ አላየሁትም። በቃሉ ነበር የያዘው፤ ሲያርስም ያንጎራጉረው ነበር፤ በሬዎቹ ከአንዳንድ ዲያቆን የበለጠ ድጓ ሳይሰሙ አልቀሩም።

ስለ ሁለት ጉሮሮ ልናገር። ያ ቅዳሜ ሌሊት የጽጌን ዚቅ የሚመራው ሰው፣ ኅዳር ላይ ወንፈል ወጥቶ ማጭድ ሲይዝ ሌላ ሰው ነው። የአጨዳ ዘፈን አውጪ አለው፤ ተቀባይ አለው፤ አውጪው ሰነፉን ይሰድባል፤ የባለቤቱን ጠላ ያመሰግናል ወይም ቀጭን ነው ብሎ ይነቅፋል፤ ስለ ሴትም ይገጥማል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይደገም ይገጥማል። አንዱ ግእዝ ነው፤ አንዱ አማርኛ። አንዱ ይረጋል፤ አንዱ ያጣድፋል። የሚመሳሰሉም አይምሰላችሁ፤ የማጭድ ምት የመቋሚያ ምት አይደለም። ግን ጉሮሮው አንድ ነው፤ ጆሮውም አንድ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ጎጃም የቅኔ አገር የሆነው በዚህ ምክንያትም ጭምር ነው። ሐሙስ በማሳ ላይ ሰምና ወርቅ ሲያወጣ የዋለ ገበሬ እሑድ ጠዋት መምህሩ ቅኔ ሲዘርፉ ወርቁን ፈጥኖ ይይዘዋል። «ይበል!» ለማለትም አይዘገይም።

አሁን ወደ ጎተራው ልመለስ። ጥቅምት በደጋ የጭንቅ ወር ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል ወይም ለዘር የተቀመጠው ብቻ ቀርቷል፤ አዲሱ አልደረሰም። ስንዴውን ዋግ ይመታዋል፤ ገብሱን ውርጭ ይጠብሰዋል፤ ባቄላው በአበባው ላይ ይረግፋል። በዚህ ወቅት ነው ምእመናን ተራ ገብተው የጽጌን አገልጋዮች የሚዘክሩት። የዚህ ሳምንት ተራ የእገሌ ቤት፣ የሚቀጥለው የእገሊት። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ደብተራዎቹ ደጀ ሰላም ይቀመጣሉ፤ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፤ ንፍሮ ይዘረጋል፤ ጠላ ይቀዳል። ጽጌን የፈቃድ ጾም አድርጎ የሚይዝ ብዙ ስለሆነ ቅቤ አይፈለግም። ግን ብቅል ከየት መጣ? ገብሱ ገና ማሳ ላይ ነው። እናቴ ከሐምሌ ጀምሮ አንዲት ቁና ገብስ በቅል ውስጥ ደብቃ ታስቀምጥ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኛ ልጆቿ ቆሎ ስንጠይቃት «የለም» ትለን ነበር። ውሸቷን ነበር። የጽጌ ብቅል ነበረች።

ሴቶች በማኅሌቱ ረድፍ አይቆሙም። እልልታው የእነሱ ነው፤ ጠላው የእነሱ ነው፤ ዳቦው የእነሱ ነው። ስለ ማኅሌት የሚጻፉ ጽሑፎች ስለ ዜማው ብዙ ይላሉ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ስለተደበቀችው ቁና ግን ምንም አይሉም። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

ወደ ኅዳር እንግባ። አጨዳው ይጦፋል። እዚህ ላይ የበዓላት ነገር ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ የሚያከራክር ነው። ቅዳሜና እሑድን፣ ሥላሴን በ7፣ ሚካኤልን በ12፣ ገብርኤልን በ19፣ ማርያምን በ21፣ ጊዮርጊስን በ23፣ መድኃኔዓለምን በ27፣ በዓለ ወልድን በ29 የሚያከብር ገበሬ የወሩን ግማሽ ገደማ ማጭድ አያነሣም። የግብርና ባለሙያዎች ይህን ሲነቅፉ ሰምታችኋል። ነቀፋው ግማሽ እውነት አለው። ያለወቅቱ የወረደ የኅዳር ዝናብ የታጨደ ጤፍ ላይ ሲወርድ ያየ ሰው በዓልን ለመከላከል አይቸኩልም። ሌላው ግማሽ ግን ይረሳል፤ እነዚያ ቀኖች ባይኖሩ ኖሮ ያ ገበሬ ዜማ የሚማርበት፣ ሌሊት ቆሞ ጠዋት የሚተኛበት ጊዜ ከየት ይመጣ ነበር? ደመወዝ የለውም፤ ዕረፍቱ ነው ደመወዙ።

አንድ ዓመት የጽዮን ዕለት፣ ኅዳር 21፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ማኅሌቱ ሌሊቱን ቆሞ፣ ቅዳሴው ወጥቶ፣ ሰው ደጀ ሰላም ተቀምጧል። የአንድ አረጋዊት ገብስ ታጭዶ ነዶው ማሳ ላይ ተበትኖ ነበር፤ ልጅ የላቸውም። ከጮቄ በኩል ደመና ጠቆረ። አንድ ሰው ተነሥቶ፦

«የኔታ፣ ደመናውን ያዩታል?» አለ።

መሪጌታው ሰማዩን አዩ። በዓሉ ትልቅ ነው፤ የማርያም ነው። ዝም አሉ። ከዚያ ጥምጥማቸውን ፈትተው አጠፉት፤ ለእኔ ሰጡኝ፤ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ።

«ማጨድ አላልኩም። መሸከም ነው» አሉ፤ ቀድመውም ሄዱ።

ሌሊቱን በሁለት ረድፍ ቆመው የነበሩት ሰዎች በአንድ ረድፍ ሆነው ነዶ ተቀባበሉ። ክምሩ ሲያልቅ ዝናቡ ጀመረ። ሥርዓት ፈረሰ ያለ ሰው አልሰማሁም። ሥርዓት ማለት ይህ ነው ያለም አልነበረም፤ ሁሉም ጠላው ጋ ተመለሰ።

ታኅሣሥ ውቂያ ነው። አውድማው በእበት ይለቀለቃል፤ በሬዎቹ ይዞራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በመንሽና በላይዳ ምርቱ ከገለባው ይለያል። ለዘማሪ ይህ ክፉ ወር ነው። እብቁ ጉሮሮ ይገባል፤ የገብስ እብቅ በተለይ። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ይዟል፤ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው፤ ታኅሣሥ 29 ልደት። ትልልቆቹ ማኅሌቶች ድምፅ በተዘጋበት ጊዜ ይደራረባሉ። አባቴ አፉንና አፍንጫውን በነጠላ አስሮ ይወቃ ነበር፤ ማታ ማር በሞቀ ውኃ በጥብጦ ይጠጣል። ማሩም የጽጌ ወር ማር ነው፤ አደይ አበባን የቀሰመ ንብ ያዘጋጀው፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆረጥ። አበባው በዜማ ከተዘመረ በኋላ ማር ሆኖ ዘማሪውን ያክማል፤ እንዲህ ስል ስብከት አይምሰላችሁ፤ የቤታችን መድኃኒት እሱ ነበር።

ከአዲሱ ምርት ደግሞ ከሁሉ በፊት ለቤተ ክርስቲያን በኩራት ይወጣል። ስንዴው ኅብስቱ ወደሚጋገርበት ወደ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ለቍርባን የሚሆን ኅብስት ከስንዴ እንጂ ከጤፍ አይጋገርም። ጤፍ በሚበላ አገር ስንዴ የሚዘራ ደጋ ገበሬ ለዚህ ነገር ልዩ ኩራት አለው። ሊቁ ገበሬም ስለሆነ የዘራውን ዘምሮለት፣ የዘመረለትን ቀድሶ ይቀበለዋል።

የቆሎ ተማሪውን አልረሳሁትም። ጎጃም ውስጥ የተማሪ ጎጆ የተተከለባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ። ደራሲ ሐዲስ አለማየሁ በዚህ አካባቢ ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት አደጉ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር የተማሪውን ሕይወት ለአንባቢ ሁሉ አሳውቋል። ባለ ቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ከገበሬው ቁራሽ የበሉ ናቸው። የውቂያ ወር ለተማሪ የጥጋብ ወር ነው፤ ውሻ ቢያባርረውም አውድማ ላይ የሚከለክለው የለም፤ ከምርቱ ጫፍ ይሰፈርለታል። ያ ተማሪ ከዓመታት በኋላ መሪጌታ ሆኖ ተመልሶ ማኅሌት ይመራል። ገበሬው በአንድ እፍኝ ገብስ የነገውን ዘማሪ ይዘራ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የካቲት የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የዚህ ሥርዓት መሠረት ተናጋ። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ የቤተ ክርስቲያን መሬት የሚይዘው ሰው አገልግሎቱን ራሱ ይፈጽማል፤ ካልቻለ ሰው ቀጥሮ ያስፈጽማል፤ መሬትና ማኅሌት የተያያዙ ነበሩ። ያ መያያዝ ጭቆናም ነበረበት፤ አዋጁን በደስታ የተቀበሉ ገበሬዎች ምክንያት ነበራቸው። እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መሬቱ ከአገልግሎቱ ሲፈታ ማኅሌቱ ይቆማል ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ አዎ፣ ቆመ፤ ግን ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ግዴታው ቀርቶ ሰዎቹ ቅዳሜ ማታ መምጣታቸውን አልተዉም።

አሁን ያለንበትን በአጭሩ ልናገር። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን በየአጥቢያው አሉ፤ በአማርኛ ይዘምራሉ፤ ሴት ልጆችም ከወንዶች እኩል ይሰለፋሉ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ድምፅ ማጉያ ከገባ ወዲህ ቁም ዜማውን ማን ይሰማዋል? ለድምፅ ማጉያ ወረብ ይመቸዋል፤ ቁም ዜማ አይመቸውም። ስለዚህ ቁም ዜማው እያጠረ ነው። በሜዳው ስንዴ ላይ ኮምባይነር መግባት ጀምሯል፤ አጨዳው በቀን ያልቃል፤ የአጨዳ ዘፈን አውጪ ምን ይሠራል? በኮምባይነር ላይ ቂም የለኝም፤ የአባቴን ጣት አስታውሳለሁና። ድጓ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን እያነሱ ነው፤ የሌሊት መንገድም እንደ ድሮው የሚደፈር አይደለም።

የምንቀመጥባት ከተማ መንቆረር ትባል ነበር። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ተከሉባት፤ ስሟም ከዚያ ደብረ ማርቆስ ሆነ። ማኅሌት የሚቆምበት ደብር ስም ያወጣላት ከተማ ልጆች ነን፤ ከእኛ መካከል ግን የጽጌን አንድ አርኬ በቃሉ የሚያውቅ ስንት ነው? እጅ አውጡ አልልም።

የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። በየአጥቢያችሁ ድጓ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና ድምፁን ቅዱ፤ በተለይ ቁም ዜማውን፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ። ስሙንና አጥቢያውን አብራችሁ ጻፉ። ልጆቻችሁንም አንድ ሌሊት ይዛችሁ ኑ፤ ቢተኙም ግድ የለም፤ እኔም ብዙ ጊዜ ጧፉን ይዤ ተኝቻለሁ። ጽጌ መስከረም 26 ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ቅዳሜ ማታ ደወሉ ይደወላል፤ ብርዱ ክፉ ነውና ጋቢ ሳትይዙ እንዳትመጡ።